እውነት ቢሆንስ? ቡድሂዝም አንደበትን የሚመዝንበት ሚዛን

ልዑል አብሃያ ቡድሃን ምሳ የጋበዘው በነገር ሊያጠምደው ነበር። የጃይና እምነት መሪ የነበረው ኒጋንታ ናታፑታ አንድ ጥያቄ አስጠንቶ ልኮታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ሰውን የሚያስከፋ ቃል ይናገራሉ ወይስ አይናገሩም? ቡድሃ «እናገራለሁ» ቢል «ታዲያ ከማንም ተራ ሰው በምን ይሻላሉ?» ይባላል። «አልናገርም» ቢል ደግሞ ማስረጃው ተዘጋጅቷል፤ የቡድሃን የመነኮሳት ማኅበር ለሁለት ሊከፍል የተነሣውን መነኩሴ ዴቫዳታን «መጨረሻው ሲኦል ነው» ብሎበታል፤ ዴቫዳታም በዚህ ክፉኛ ተቆጥቷል። ኒጋንታ ልዑሉን ሲያበረታታው፣ ባለ ሁለት ጫፍ ብረት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ሰው ይሆናል፣ ሊውጠውም ሊተፋውም አይችልም ብሎታል።

ምሳው ተበልቶ ሲያበቃ ልዑሉ ጠየቀ። ቡድሃ «ለዚህ ነገር አንድ ወጥ መልስ የለውም» ሲል ልዑሉ ወዲያው «እንግዲያው ጃይናዎቹ ተሸነፉ» አለና ያስጠኑትን ሁሉ ዘርዝሮ ተናገረ። በዚያን ሰዓት ጭኑ ላይ ገና በጀርባው የሚተኛ ሕፃን ነበር። ቡድሃ ወደ ሕፃኑ እያመለከተ «ልዑል ሆይ፣ አንተ ወይም ሞግዚቱ ዘወር ስትሉ ይህ ልጅ እንጨት ወይም ጠጠር አፉ ውስጥ ቢከት ምን ታደርጋለህ?» ሲል ጠየቀው። ልዑሉ አላመነታም። «አወጣዋለሁ። በቀላሉ እምቢ ካለኝ በግራ እጄ ጭንቅላቱን ይዤ፣ የቀኝ እጄን ጣት ቆልምሜ፣ ቢደማም አወጣዋለሁ። ስለምራራለት ነው።»

የቡድሂዝም የንግግር ሥነ ምግባር በዚህች ታሪክ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሙሉውን አለ። ቡድሃ ከሕፃኑ ተነሥቶ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀመጠ። ነገሩ እውነት ነው? ይጠቅማል? ሰሚው ይወደዋል? ሐሰትና የማይጠቅም ነገር፣ ሰሚው ቢወደውም ቢጠላውም፣ አይነገርም። እውነት ሆኖ የማይጠቅምም አይነገርም። እውነትም ጠቃሚም ከሆነ ግን ይነገራል፤ ሰሚውን ቢያስከፋም ይነገራል፤ ጊዜው ሲደርስ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ የሰሚው መውደድና መጥላት ብቻውን ምንም አይወስንም። ሁለተኛ፣ ሰሚው የሚወደው፣ እውነትና ጠቃሚ የሆነው ቃል እንኳ ጊዜውን መጠበቅ አለበት። ምስጋናም ሰዓት አለው ማለት ነው።

እኛ «እውነቱን ተናግሮ እመሸበት ማደር» እንላለን። አባባሉ ጀግንነትን ያወድሳል፤ ተናጋሪው እውነቱን ከተናገረ ዕዳውን ከፍሏል፣ የቀረው የሰሚው ጉዳይ ነው። ቡድሃ በዚህ አይስማማም። እውነት መሆኑ ለመናገር የሚያስፈልግ የመጀመሪያው ነገር ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ብዙ ሰው ቡድሂዝምን ሲያስብ ለስላሳ ድምፅ፣ ፈገግታና ዝምታ ይታየዋል። ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ግን ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያሉ ናቸው፤ ተናጋሪውን በእውነቱም፣ በልስላሴውም፣ በዝምታውም ጭምር ይጠይቁታል።

ቃል ሥራ ነው

ቡድሃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ በጋንጅስ ወንዝ ሜዳ ያስተማረ ሰው ነው። በእጁ የጻፈው አንድም መስመር የለም። ትምህርቱ በመነኮሳት ቃል እየተጠና ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ በስሪላንካ በጽሑፍ የሰፈረው በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደሆነ ይነገራል። ለመቶዎች ዓመታት በምላስ ላይ የኖረ ሃይማኖት ስለ ምላስ አብዝቶ ቢጨነቅ አይገርምም።

ጭንቀቱ በቁጥርም ይታያል። ቡድሂዝም ከዘረዘራቸው አሥር ክፉ ሥራዎች ሦስቱ የአካል ናቸው፤ መግደል፣ መስረቅ፣ ማመንዘር። ሦስቱ የሐሳብ ናቸው። አራቱ የአንደበት ናቸው፤ ውሸት፣ ነገር እያመላለሱ ሰውን ከሰው ማጣላት፣ ሻካራ ቃል እና ፍሬ ከርስኪ። ከእነዚህ ከአራቱ መራቅ «ትክክለኛ ንግግር» ይባላል፤ ቡድሃ ወደ ነፃነት ያደርሳል ካለው ባለ ስምንት ክፍል መንገድ ሦስተኛው ነው። የተራው ምእመን አምስት ቃል ኪዳኖች ውስጥም ከሐሰት መራቅ አራተኛው ነው። መናገር እንግዲህ እንደ መምታትና እንደ መስጠት ያለ ሥራ ነው፤ ካርማ አለው፣ ፍሬው ለተናጋሪው ይመለሳል።

ሥራውን ክፉ ወይም ደግ የሚያደርገው ሐሳቡ ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በጥንት ሐተታዎች ውስጥ አለ፤ አበሻ እናት ያሳደገችው ሰው ሁሉ ይገባዋል። አንድ ልጅ የእናቱን ቃል አልሰማ ብሎ ወደ ጫካ ሄደ። እናት ብትለምነው አልመለስ ሲላት «ጎሽ ያባርህ!» ብላ ረገመችው፤ የኛዎቹ «ጅብ ይብላህ!» እንደሚሉት ነው። ልጁ ጫካ ሲገባ እውነትም አንዲት የዱር ጎሽ ተነሣችበት። ልጁም «እናቴ በአፏ ያለችው ይቅር፣ በልቧ ያሰበችው ይሁን» አለ። ጎሿ እንደታሰረች ባለችበት ቀጥ አለች። ሐተታው ከዚህ ተነሥቶ የእናትየዋ ቃል ሻካራ ቃል አይደለም ይላል፤ ልቧ ለስላሳ ነበርና። ተቃራኒውንም ያመጣል። አንድ ሰው ሊያስገድለው የፈለገውን ሰው «በሰላም ይተኛ፣ አስተኙት» ቢል ቃሉ ቅቤ ነው፣ ሥራው ግን ሻካራ ንግግር ነው።

ይህን ሳነብ የገረመኝ ሰበብ የሚዘጋበት መንገድ ነው። «ምንም ክፉ ቃል አልወጣኝም» የሚለው መከላከያ አይሠራም። በጨዋ ዐማርኛ፣ በእርስዎታ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ሰውን ከሥራ ማስወጣትም ሆነ ከዘመዱ ማጣላት በዚህ ሚዛን ከስድብ አይቀልም።

የውሸት ነገር

ቡድሃ ለልጁ ለራሁላ የሰጠው ትምህርት በዚህ ጉዳይ ዋናው ነው። ራሁላ ገና ትንሽ ነበር። አባቱ ሊጎበኘው ሲመጣ ልጁ መቀመጫ ዘርግቶ የእግር ውኃ አቀረበ። ቡድሃ እግሩን ታጠበና ጥቂት ውኃ በዕቃው ውስጥ አስቀረ። «ራሁላ፣ ይህችን ጥቂት ውኃ ታያለህ? እያወቀ መዋሸት የማያሳፍረው ሰው ምንኩስናው ይህችን ታክላለች» አለው። ውኃውን ደፋው። «ምንኩስናው እንዲህ የተደፋ ነው።» ዕቃውን ገለበጠው። «እንዲህ የተገለበጠ ነው።» መልሶ አቀናው፤ ባዶ ነበር። «እንዲህ ባዶ ነው።» በመጨረሻም «ለቀልድ እንኳ አልዋሽም ብለህ ተማር» አለው። ቀጥሎ የመጣው መመሪያ ለማንም ሰው የሚሠራ ነው፤ ከመናገርህ በፊት፣ እየተናገርህ ሳለ፣ ከተናገርህም በኋላ፣ ይህ ቃል እኔን ወይም ሌላውን ይጎዳ እንደሆነ ፊትህን በመስታወት እንደምታይ እየው። ሦስቱም ጊዜ ተቆጥሯል። ጀምሮ መሐል ላይ መተው ይቻላል፤ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላም ለመምህር ወይም ለባልንጀራ ገልጦ መናገር ይቻላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ሕንድን የገዛው ንጉሥ አሾካ ለመነኮሳቱ በድንጋይ አስጽፎ ባስተላለፈው መልእክት ብዙ ጊዜ እንዲሰሙና እንዲያሰላስሉ ከመረጣቸው ሰባት ትምህርቶች አንዱ «ስለ ሐሰት ለራሁላ የተሰጠው ምክር» ነው። ድንጋዩ በራጃስታን ባይራት ተገኝቶ ዛሬ በኮልካታ ይገኛል።

ለመነኮሳቱ የተደነገገው ሕግ ደግሞ ከምክር አልፎ ቅጣት አለው። አውቆ የዋሸ መነኩሴ ጥፋቱን ለባልንጀራው መናዘዝ አለበት። አንድ የውሸት ዓይነት ግን ከመግደል፣ ከመስረቅና ከዝሙት ጋር አንድ መደብ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሠራው ሰው ለዘለዓለም ከማኅበሩ ይወጣል። እሱም ያልደረሱበትን መንፈሳዊ ደረጃ ደርሻለሁ ማለት ነው።

የሕጉ መነሻ ረኀብ ነው። በቫጂ አገር ጠኔ ገባና በቫጉሙዳ ወንዝ ዳር የሰፈሩ መነኮሳት መከሩ። ለሰዎቹ ሥራ እንሥራላቸው? መልእክት እናድርስላቸው? በመጨረሻ የተስማሙበት ሌላ ነበር፤ አንዱ ስለ ሌላው ለምእመናን «እገሌ እኮ እዚህ ደረጃ ደርሷል፣ እገሌ ተአምር ያደርጋል» እያለ ሊያወድሰው። ሕዝቡ አመነ። ለራሱ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ የነፈገውን ለእነሱ ሰጠ። ክረምቱ አልፎ መነኮሳት ሁሉ ቡድሃን ሊያዩ ሲሰበሰቡ ሌሎቹ ከስተውና ገርጥተው መጡ፤ የቫጉሙዳዎቹ ወፍረውና ፊታቸው አብርቶ መጡ። ቡድሃ እንዴት እንደከረሙ ጠየቀ፣ ነገሩትም። «ያላችሁት እውነት ነበር?» «አልነበረም።» ተግሣጹ እጅግ ከባድ ነበር፤ በሆድ ምክንያት እንዲህ ከማለት ሆዳችሁ በሥጋ ቢላ ቢቀደድ ይሻላችሁ ነበር አላቸው። ሕጉ አንድ ሰው ብቻ ይምራል፤ ደረጃውን እውነትም የደረሰ መስሎት የተሳሳተውን። ይህም እንደገና ወደ ሐሳብ ይመልሰናል። በየቴሌቪዥኑና በየዩቲዩቡ ፈውስና ትንቢት የሚሸጥበት ዘመን ላይ ላለ አንባቢ የዚህን ሕግ ትርጉም ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሽፍታ ከነበረው ከአንጉሊማላ ጋር የተያያዘውም ታሪክ እዚህ ይገባል። ብዙ ሰው ገድሎ በኋላ የመነኮሰው ይህ ሰው አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት ሲያይ ልቡ ተነካ። ቡድሃ «ሂድና፣ እህቴ ሆይ፣ ከተወለድሁ ጀምሮ አውቄ ነፍስ አጥፍቼ አላውቅም፤ በዚህ እውነት ደኅና ሁኚ በላት» አለው። አንጉሊማላ ግን «ይህ አውቆ መዋሸት አይሆንብኝም? እኔ እኮ ብዙ ነፍስ አጥፍቻለሁ» አለ። ቡድሃም ቃሉን አስተካከለለት፤ «በዚህ በቅዱስ ልደት ከተወለድሁ ጀምሮ» በል። እንደዚያ አለ፤ እናትና ልጅ በሰላም ተገላገሉ። ይህ ቃል ዛሬም በስሪላንካ ለነፍሰ ጡር ሴቶች ይደገማል። የእውነት ኃይል ያለው ቃሉ ልክ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሴትን ከሞት ለማዳንም ቢሆን ቀዳዳ ያለው እውነት አልተፈቀደም።

ታዲያ ሰውን ለማዳን መዋሸትስ? ልዑል አብሃያ ከሰማው ዝርዝር ውስጥ አንድ መደብ ጎድሏል፤ ሐሰት ሆኖ የሚጠቅም ነገር። ቡድሃ «አይነገርም» አላለም፣ «ይነገራል»ም አላለም፣ ጭራሽ አላነሣውም። ምናልባት በእሱ ዓይን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በስሪላንካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኘው የቴራቫዳ ወገን ወደዚህ ያደላል፤ ስለ ቡድሃ የቀደሙ ሕይወቶች ከሚተርኩት ተረቶች አንዱ ቡድሃ ለመሆን የሚጓዘው ሰው ሌላውን ቃል ኪዳን ሊያፈርስ ይችል ይሆናል፣ እውነትን የሚያፈርስ ሐሰት ግን አይናገርም ይላል።

በቻይና፣ በጃፓንና በቲቤት የተስፋፋው የማሃያና ወገን በዚህ አይስማማም። የሎተስ ሱትራ የተባለው መጽሐፍ የሚቃጠል ቤት ያሳየናል። ልጆች ውስጥ ይጫወታሉ፤ እሳት ምን እንደሆነ አያውቁም፣ አባታቸው ቢጮህ አይሰሙም። አባት የሚወዱትን ያውቃልና «የፍየል ሠረገላ፣ የአጋዘን ሠረገላ፣ የበሬ ሠረገላ ውጭ አለላችሁ!» ይላል። እየተጋፉ ወጡ። ሦስቱ ሠረገላዎች አልነበሩም፤ ለሁሉም እኩል አንድ ዓይነት ታላቅ ሠረገላ ሰጣቸው። ቡድሃ «አባትየው ዋሽቷል?» ሲል ደቀ መዝሙሩ ሻሪፑትራ፣ ትንሿን ሠረገላ እንኳ ባይሰጣቸው አልዋሸም፣ ነፍሳቸውን አትርፏልና ሲል መለሰ። በማሃያናው ሊቅ በአሳንጋ ስም የሚታወቀው የቦዲሳትቫ፣ ማለትም ቡድሃ ለመሆን የሚጓዝ ሰው፣ መመሪያም ነገሩን ሕግ አደረገው፤ ሌላውን ከሞትና ከአካል መጉደል ለማዳን መዋሸት ይፈቀዳል፣ የራስን ነፍስ ለማዳን ግን አይፈቀድም።

እኔ ከሁለቱ ሁለተኛው ለሰው ልጅ ይበልጥ ይቀርባል እላለሁ፤ ገዳይ በር ሲያንኳኳ «ጓዳ ውስጥ ነው» የሚል ሰው ጻድቅ አይደለም። ነገር ግን «ለጥቅምህ ብዬ ነው የዋሸሁህ» የሚለው ቃል በመምህራንና በገዢዎች አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የአሳንጋ ገደብ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ዋሺው በውሸቱ አንዳች ካተረፈ ፈቃዱ ይፈርሳል።

ስድብ፣ ሰዳቢና ተሰዳቢ

የመነኮሳቱ ሕግ ስለ ስድብ ሲናገር ሰው የሚሰደብባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ዘር፣ ስም፣ ጎሣ፣ ሥራ፣ የእጅ ሙያ፣ በሽታ፣ የአካል ምልክት፣ የጠባይ ድካም፣ የሠራው ጥፋት፣ ተራ የስድብ ቃል። ይህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዝርዝር የዛሬውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን ያነበበ ሰው የጻፈው ይመስላል። ከሕጉ ጋር የሚነገረው ተረት ስለ ናንዲቪሳላ ስለ ተባለ በሬ ነው። ባለቤቱ በታክሲላ ከተማ «በሬዬ መቶ የተጫነ ጋሪ ይጎትታል» ብሎ በሺህ ተወራረደ። ጠምዶ ጅራፉን አነሣና «ሂድ፣ አንተ አጭበርባሪ!» ብሎ ጮኸ። በሬው አራት እግሩን እንደ ምሰሶ ተከለ። ባለቤቱ ተሸንፎ ቤቱ ሲያዝን በሬው «እዚህ ቤት ስኖር ዕቃ ሰብሬ አውቃለሁ? ሰው ወግቼ አውቃለሁ? ታዲያ ለምን አጭበርባሪ አልኸኝ?» አለው። በሁለት ሺህ እንደገና ተወራረደ፤ ጀርባውን እየዳበሰ «በል የኔ ጌታ» ሲለው መቶውን ጋሪ ጎተተ።

ስለ ተሰዳቢው የሚነገረው ግን ከዚህ ይከብዳል። ቡድሃ ለመነኮሳቱ፣ ሰው በአምስት መንገድ ይናገራችኋል አላቸው፤ በጊዜው ወይም ያለጊዜው፣ በእውነት ወይም በሐሰት፣ በለስላሳ ወይም በሻካራ፣ በሚጠቅም ወይም በሚጎዳ፣ በፍቅር ወይም በጥላቻ። እናንተ በየትኛውም ልባችሁ አይለወጥ። ሽፍቶች ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ይዘው አካላችሁን ቢቆራርጡ እንኳ የጠላ ልብ ያለው የእኔ ተማሪ አይደለም። ምሳሌ አድርጎም የሳቫቲዋን ወይዘሮ ቬዴሂካን አነሣ። በከተማው በገርነቷ የተመሰገነች ሴት ናት። ካሊ የምትባል ትጉህ ገረድ ነበረቻት። ካሊ «እመቤቴ ውስጧ ቁጣ ስለሌለ ነው ወይስ እኔ ሥራዬን በደንብ ስለምሠራ?» ብላ አሰበችና አንድ ቀን ረፈድ አድርጋ ተነሣች። እመቤቲቱ ተቆጣች። በማግስቱ ይበልጥ አረፈደች፤ ቁጣው ወደ ስድብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቬዴሂካ የበር መወርወሪያ አንሥታ ጭንቅላቷን ፈነከተቻት። ካሊ ደሟ እየፈሰሰ ለጎረቤት «የገሯን ሴት ሥራ ኑ እዩ!» አለች።

ቡድሃ የሚለው ግልጽ ነው፤ የሚጎረብጥ ቃል ሳይነካው ገር የሆነ ሰው ገርነቱ ገና አልተፈተነም። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ካሊ ጋ ይቀራል። ጽሑፉ የእመቤቲቱን ስም መጥፋት ይነግረናል፤ ስለ ገረዲቱ ቁስል ከዚያ በኋላ አያነሣም።

ፍሬ ከርስኪን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጽሑፎቹ መነኩሴ ሊርቃቸው የሚገባ ወሬዎችን ሲዘረዝሩ ነገሥታት፣ ሌቦች፣ ሚኒስትሮች፣ ጦርነት፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ዘመድ፣ ሴቶች፣ የመንገድና የውኃ መቅጃ ወሬ ይላሉ። ከዚህ ዝርዝር ውጭ ሆኖ ሦስተኛ የሚደርስ ቡና መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዝምታም ይጠየቃል

«ዝም አይነቅዝም» ለሚል ሰው የሚከተለው ታሪክ አይመቸውም። በኮሳላ አገር የተወሰኑ መነኮሳት የክረምቱን ሦስት ወር አብረው ሊያሳልፉ ተሰበሰቡ። እንዳንጣላ ምን እናድርግ ብለው መከሩና ጨርሶ ላለመነጋገር ተስማሙ። ውኃ መቅዳት ሲያስፈልግ በእጅ ምልክት ይጠራራሉ። ክረምቱ አልቆ ቡድሃ ዘንድ ሲደርሱ «በፍቅር ከረማችሁ?» አላቸው። «አዎን፣ በፍቅር።» «እንዴት አድርጋችሁ?» ነገሩት። ይመሰገናሉ ተብሎ ሲጠበቅ ገሠጻቸው። እንደ በግና እንደ ከብት ተያይዛችሁ ከርማችሁ በፍቅር ከረምን ትላላችሁ አለና የድዳነት ስእለትን ከለከለ።

ቡድሃ ዝምታን አልጠላም። ተሰብስባችሁ ስትቀመጡ ወይ ስለ ትምህርቱ ተነጋገሩ ወይ የከበረውን ዝምታ ጠብቁ ይላል። ቫቻጎታ የተባለ መንገደኛ «ነፍስ አለች ወይስ የለችም?» ብሎ ሲጠይቀው ራሱ ዝም ብሏል፤ አለች ቢል ወይ የለችም ቢል ሰውዬውን ይበልጥ ያደናግረዋልና። ያ ዝምታ ለሰሚው ታስቦ የተሰጠ መልስ ነው። የኮሳላዎቹ ዝምታ ግን ከጠብ ለመሸሽ ብቻ የተገባ ስምምነት ነበር።

በድዳነቱ ፋንታ የደነገገላቸው ሥርዓት ዛሬም በቴራቫዳ ገዳማት ይፈጸማል፤ ፓቫራና ይባላል። ክረምቱ ሲያበቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ወር ሙሉ ጨረቃ ቀን፣ መነኮሳቱ ይሰበሰባሉ። ከትልቁ ጀምሮ እያንዳንዱ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ያያችሁብኝ፣ የሰማችሁብኝ ወይም የጠረጠራችሁብኝ ነገር ካለ ራርታችሁ ንገሩኝ፤ ጥፋቴን ካየሁ አስተካክላለሁ።» ሽማግሌው አበው ለትናንት ጀማሪ ይህን ማለት ግዴታው ነው። «ራርታችሁ» የሚለው ቃል የሕፃኑን ጠጠር ያስታውሳል፤ እዚህ ግን አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ራሱ ባለቤቱ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር መባል አለበት። ያሜሉና ቴኩላ የተባሉ ከብራህማን፣ ማለትም ከካህናት ወገን፣ ቤት የወጡ ሁለት መነኮሳት ድምፀ መልካም ነበሩ። ከየጎሣው የመጡ መነኮሳት ትምህርቱን በየራሳቸው አነጋገር እያበላሹት ነውና በተከበሩት የሕንድ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ በቬዳ፣ ግጥም እናስቀምጠው ብለው ለመኑ። ቡድሃ እምቢ አለ፤ በራስ አነጋገር እንዲጠና ፈቀደ። ይህ «የራስ» የሚለው የቡድሃ ነው ወይስ የየተማሪው? ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐተታ ጸሐፊ ቡድሃጎሳ የቡድሃ ነው ብሏል፤ ብዙ የዘመናችን ሊቃውንት የየተማሪው ነው ይላሉ። በሌላ ትምህርቱ ደግሞ በየአገሩ የተለያየ ስም ያለውን የምግብ ሳሕን አንሥቶ ሰባት ስሞች ይቆጥርና፣ የአገርህን ስም ብቻ ትክክል ነው ብለህ አትሟገት፣ ያለህበት አገር ሰው እንደሚጠራው ጥራው ይላል። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ራሱ በዚህ መንገድ ከልሳን ልሳን እየተሻገረ፣ ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ፣ «በረላምና ይዋሴፍ» ተብሎ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ገብቷል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የተረጎሙት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው።

ሕጉ የት ድረስ ይሠራል?

አሾካ በአሥራ ሁለተኛው የድንጋይ ዐዋጁ የሁሉም እምነት እድገት ሥሩ አንደበትን መግታት ነው ይላል፤ ያለ ምክንያት የራስን እምነት አለማወደስ፣ የሌላውን አለማንቋሸሽ። የሰውን እምነት የሚያቃልል የራሱን ይበልጥ ይጎዳል። ንጉሥ እንዲህ ያለ ነገር በድንጋይ ማስጻፉ ችግሩ እዚያም እንደነበረ ያሳያል።

ዘመናችን ይህን በምያንማር አየ። መነኩሴው አሺን ዊራቱ በሙስሊሞች ላይ የሚያነሣሣ ስብከት በማሠራጨት ስሙ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታይም መጽሔት ፎቶውን በሽፋኑ አወጣ። ሰውዬው የለበሰው ልብስ አራቱን የአንደበት ክልከላዎች በየቀኑ የሚያስታውስ ልብስ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ሰውን ከሰው ማጣላት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የአገሪቱ የመነኮሳት ከፍተኛ ምክር ቤት ለአንድ ዓመት እንዳይሰብክ ከለከለው። እሱ ግን ፌስቡክ ነበረው። በዚያው ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ የተባሉ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ፌስቡክ ገጹን ያወረደው በ2018 ነው፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት መድረኩ ብጥብጥ ለማነሣሣት እንዳይውል በቂ ሥራ እንዳልሠራ አመነ። በ2021 የቀድሞዋ ሠራተኛው ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ምክር ቤት ስትመሰክር ከምያንማር አጠገብ የጠራችው አገር ኢትዮጵያ ነበር።

ጥንታዊው ሕግ እዚህ ላይ የሚይዘው አጣ። የተሠራው አንዱ መነኩሴ ሌላውን ፊት ለፊት ለሚያይበት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስቦ ደንቡን ለሚያሰማ ትንሽ ማኅበር ነው። ሚሊዮን ሰው በስልኩ ለሚሰማው ሰባኪ የአንድ ዓመት ዕገዳ ብቻ ነበር የተገኘው፤ ሲያልቅ ወደ መድረኩ ተመለሰ። መንግሥት በበኩሉ በግንቦት 2019 የእስር ማዘዣ አወጣበት። ክሱ ያኔ የሲቪል መንግሥቱ መሪ የነበረችውን አን ሳን ሱ ቺን በሚመለከት በተናገረው ንግግር ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሣሣት የሚል ነበር፤ ስለ ሙስሊሞቹ የተናገረው በክሱ ውስጥ አልነበረም። በመስከረም 2021 ወታደራዊው መንግሥት ክሱን ሰርዞ ፈታው፣ በጥር 2023ም የክብር ማዕረግ ሰጠው።